አለርጂዬ የተገኘው ለዓመታት በተኛሁበት ትራስ ውስጥ ነው

አለርጂ ያለበት ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚናገራት ነገር አለች። «እሱማ ሊሆን አይችልም፣ ለዓመታት ስጠቀምበት የኖርኩት ነው።» ምግብም ይሁን ሳሙና፣ ድመትም ትሁን የእጅ ሰዓት፣ አብሮን የኖረ ነገር አይጠረጠርም። ጣታችንን የምንቀስረው አዲሱ ላይ ነው። ትናንት የተገዛው ሽቶ፣ ባለፈው ሳምንት የተቀየረው የልብስ ሳሙና፣ ያልለመድነው ምግብ።

እኔ ታምሜ፣ ጠይቄና አንብቤ የደረስኩበት ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። አለርጂ ፈጽሞ ከማናውቀው ነገር ጋር በተገናኘንበት በመጀመሪያው ቀን አይነሳም። ሰውነት አስቀድሞ ያንን ነገር ማወቅ አለበት። ስለዚህ የቆየ ነገር ከጥርጣሬ ነፃ አይደለም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ከእሱ መጀመር ይሻላል።

ሐኪም አይደለሁም። ግን በዚህ በሽታ ብዙ ስለተንገላታሁ፣ ሌላው ሰው መንገዱ እንዲያጥርለት እፈልጋለሁ።

የጀመረኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ማስነጠስ ይጀምረኛል። አንዴ ሁለቴ ብሎ የሚያቆም አይደለም፤ ሆዴን እስኪያመኝ ይደጋግመኛል። ካፍንጫዬ ቀጭን ውሃ ይፈስሳል። ላንቃዬንና ጆሮዬን ውስጥ ውስጡን ይበላኛል። ረፋድ ላይ ይሻለኛል፣ ቀኑን ደህና እውላለሁ። ማታ ጋደም ስል ደግሞ አፍንጫዬ ጥርቅም ይላል። አንዱ ጉንፋን ነው ይለኛል፣ ሌላው ሳይነስ ነው ይላል፣ ሌላው ብርድ መቶሽ ነው ይላል።

ጉንፋን ቢሆን ኖሮ ከአንድ ሁለት ሳምንት በላይ ባልቆየ። ጉንፋን ሰውነትን ያደቅቃል፣ አንዳንዴ ያተኩሳል፣ ጉሮሮ ያሳምማል። አለርጂ አያተኩስም። ዋናው ምልክቱ ማሳከክ ነው። ዓይን፣ አፍንጫ፣ ላንቃ የሚያሳክክ ከሆነና ነገሩ ሳምንታትን አልፎ ከቀጠለ፣ በየጊዜው «ጉንፋን ያዘኝ» ማለቱን ትቶ ስለ አለርጂ መጠየቅ ይገባል።

በመጨረሻ ያዩኝ የአለርጂ ሐኪም ምን በላሽ ምን ጠጣሽ አላሉኝም። የጠየቁኝ ሰዓትና ቦታ ነበር። «መቼ ይብስብሻል? የት ስትሆኚ ይሻልሻል? ሌላ ቤት ስታድሪስ?» ጠዋት እንደሚብስብኝ፣ ከቤት ስወጣ እንደሚተወኝ ነገርኳቸው። «ትራስሽ ስንት ጊዜው ነው?» አሉ። «ዶክተር፣ እሱ እኮ የቆየ ነው» አልኳቸው። «የጠየቅሁሽም ለዚያ ነው» ብለው ለቆዳ ምርመራ ላኩኝ።

ምርመራውን የሚፈራ ሰው ስለማይጠፋ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። የክንዴን የውስጥ በኩል አጽድተው በእስክሪብቶ ቁጥር ጻፉበት። በየቁጥሩ አጠገብ አንዳንድ ጠብታ ፈሳሽ አደረጉ። አንዱ የአበባ ብናኝ፣ አንዱ ሻጋታ፣ አንዱ የድመት፣ አንዱ የቤት አቧራ፣ እያለ ይቀጥላል። ሁለቱ ለማነጻጸሪያ ናቸው፤ አንደኛው ምንም የሌለበት፣ ሌላኛው ሂስታሚን የሚባል፣ ቆዳን የሚያሳክክና የሚያሳብጥ ኬሚካል ያለበት። ከዚያ በትንሽ ስለት በየጠብታው ላይ ቆዳዬን ጫር አደረጉት። ደም አይወጣም፣ ሕመሙም ለወሬ የሚበቃ አይደለም። ክፉው መጠበቁ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ክንዴን ዘርግቼ፣ አትከኪ ተብዬ ተቀመጥኩ። የአበባ ብናኙ ዝም አለ። ሻጋታው ዝም አለ። የአቧራው ግን ዓይኔ እያየ ተነሳ። መጀመሪያ ዙሪያው ቀላ፣ ከዚያ መሃሉ ነጣ ብሎ ትንኝ እንደነከሰው አበጠ። የድመቱም ትንሽ ከፍ አለ። እብጠቱን በማስመሪያ ለኩት። ምንም ከሌለበት ጠብታ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ሰውነት ያንን ነገር ያውቀዋል ማለት ነው።

ሰውነት የሚያውቀው እንዴት ነው? እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ፤ ሌላው ሁሉ የሚገባው ይሄ ሲገባ ነው።

አንድ ባዕድ ፕሮቲን ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍንጫ፣ በቆዳ ወይም በአንጀት ሲገባ ምንም አይሰማንም። ውስጥ ውስጡን ግን ሥራ አለ። ጠባቂ ሴሎች ፕሮቲኑን ይዘው ወደ ሊምፍ ዕጢ ይሄዳሉ። በአብዛኛው ሰው ላይ ነገሩ ጉዳት የለውም ተብሎ እዚያው ይቀራል። የአለርጂ ዝንባሌ ባለው ሰው ላይ ግን አይጂኢ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል መመረት ይጀምራል። አይጂኢ በተፈጥሮው በተለይ የሆድ ትላትልን ለመሰሉ ጥገኛ ተባዮች የተዘጋጀ መሣሪያ ነው። አሁን ግን ምንም ላላጠፋ የአቧራ ወይም የኦቾሎኒ ፕሮቲን ልክ ተሠርቶ ወጣ። በደም ዞሮ ማስት ሴል በሚባሉት ሴሎች ላይ ይተከላል። እነዚህ ሴሎች በቆዳ፣ በአፍንጫ፣ በሳንባና በአንጀት ሽፋን ሥር በብዛት አሉ፤ ውስጣቸው ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎች ታጭቀዋል። ወጥመዱ ተጠመደ ማለት ነው። ሰውየው ግን ደህና ነው፤ ምንም አያውቅም። በዚህ ሁኔታ ሳምንታት፣ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ከዚያ ፕሮቲኑ ተመልሶ ይመጣል። ማስት ሴሉ ላይ የተተከሉትን ሁለት ጎረቤት አይጂኢዎች አንድ ላይ ሲያያይዛቸው ሴሉ የያዘውን ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ይዘረግፋል። ሂስታሚን የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ ፈሳሽ ያስወጣል። እብጠቱና የአፍንጫው ውሃ ከዚያ ነው። ነርቮችን ይነካል፤ ማሳከኩና ማስነጠሱ ይመጣል። ሳንባ ውስጥ ከሆነ የአየር መተላለፊያው ጡንቻ ይኮማተራል፣ ትንፋሽ ያጥራል። በዚህም አያበቃም። ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ሌሎች ሴሎች ወደ ቦታው ተሰብስበው ሁለተኛ ዙር ያስነሳሉ። ቀን አቧራ ስናራግፍ ውለን አፍንጫችን ማታ የሚዘጋው ለዚህ ነው። የቀኑን ሥራ ረስተን የማታውን ምግብ እንወነጅላለን።

ይህ «መጀመሪያ ዝምታ፣ ቀጥሎ መዓት» የሚባለው ነገር የታወቀው በአጋጣሚ ነው። ሻርል ሪሼና ፖል ፖርቲዬ የተባሉ ፈረንሳውያን በ1902 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የባሕር እንስሳ መርዝ በውሾች ላይ ይሞክሩ ነበር። ሐሳባቸው ውሾቹ መርዙን እንዲለምዱት ነው። የመጀመሪያውን መጠን ችሎ ያለፈ ጤነኛ ውሻ ከሳምንታት በኋላ ጥቂት መርዝ ሲሰጠው ወዲያው ወድቆ ሞተ። ሪሼ በ1913 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ ሥራ ነው። በ1921 ደግሞ ዓሣ ከማይስማማው፣ ኩስትነር ከተባለ ሐኪም ደም የተወሰደ ፈሳሽ በባልደረባው በፕራውስኒትስ ቆዳ ውስጥ ተወጋ። በማግሥቱ እዚያው ቦታ ላይ የዓሣ ጭማቂ ሲወጋ የፕራውስኒትስ ቆዳ ተነሳ። እሱ የዓሣ አለርጂ አልነበረበትም። አለርጂው በደም ውስጥ ያለ ነገር መሆኑ በዚህ ታየ። ያ ነገር አይጂኢ መሆኑ የተለየው ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ታዲያ ለምን አንዱ ላይ ተጠምዶ ሌላውን ያልፋል? ዘር አለበት። ከወላጆች አንዱ አለርጂ፣ አስም ወይም ችፌ ካለው የልጁ ዕድል ይጨምራል፣ ሁለቱም ካላቸው ደግሞ ይብሳል። የሚወረሰው ግን ዝንባሌው ነው። እናት ለድመት፣ ልጅ ለእንቁላል ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው በር ቆዳ ነው። ይህ ለሕፃን ወላጆች ከሁሉ የሚበልጥ ወሬ ይመስለኛል። የእህቴ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ጉንጩና የክርኑ መታጠፊያ ደረቅ፣ ቀይና የሚያሳክክ ነበር። ዘመድ ሁሉ «የበላው ነገር ነው» እያለ ምግብ ያስከለክለው ነበር። ዛሬ ግን ብዙ ተመራማሪዎች ነገሩን የሚያዩት ከሌላ በኩል ነው። ችፌ የሰነጣጠቀው ቆዳ አጥር የለውም። ቤት ውስጥ የሚበንነው የምግብ ቅንጣት በዚያ ስንጥቅ ሲገባ ሰውነት እንደ ጠላት ይመዘግበዋል። ያው ምግብ በአፍ ሲገባ ግን አንጀት እንዲለማመደው ያስተምራል። በ2015 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው የእንግሊዝ ጥናት ይህን በደንብ አሳይቷል። ለኦቾሎኒ አለርጂ የተጋለጡ 640 ሕፃናት ከ4 እስከ 11 ወር ዕድሜ ላይ ሳሉ በሁለት ተከፈሉ። ግማሹ ኦቾሎኒ ያለበት ምግብ አዘውትሮ በላ፣ ግማሹ ራቀ። 5 ዓመት ሲሞላቸው ከራቁት 17 በመቶ ያህሉ የኦቾሎኒ አለርጂ ነበራቸው። ከበሉት ግን 3 በመቶ ያህሉ ብቻ። ከዚያ በፊት ለዓመታት ይሰጥ የነበረው ምክር «አርቁባቸው» የሚል ነበር። ሕፃኑ ከባድ ችፌ ካለበት ግን ሐኪም ሳያማክሩ አይጀመርም። ሙሉ ኦቾሎኒም ስለሚያንቅ ለሕፃን አይሰጥም። የእህቴን ልጅ የጠቀመው ቆዳውን በየቀኑ በቅባት ማለስለስና ችፌውን በደንብ ማከም ነው።

ሌላም አለ። በ1989 ዴቪድ ስትራከን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ብዙ ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች ያሏቸው ልጆች በአበባ ብናኝ አለርጂ እምብዛም እንደማይያዙ አስተውሎ ጻፈ። በእርሻ ቦታ ከከብት ጋር የሚያድጉ ልጆችም እንዲሁ አለርጂ ያንሳቸዋል። ሰውነት በልጅነቱ ከብዙ ዓይነት ረቂቅ ተሕዋስያን ጋር ሲገናኝ ጉዳት ያለውንና የሌለውን መለየት ይማራል ነው ሐሳቡ። ይህ ግን እጅ አትታጠቡ ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ።

ወደ ቀስቃሾቹ ልምጣ። የእኔ የአቧራ ነው ብያለሁ። አፍንጫዬን የሚያስቆጣው አፈሩ አይደለም፤ አቧራው ውስጥ የሚኖር፣ ከሸረሪት ወገን የሆነ፣ ርዝመቱ ከሚሊ ሜትር ሲሶ የማይበልጥ ቅንቅን ነው። በዓይን አይታይም፣ አይነክስም። የሚበላው ከሰውነታችን የሚረግፈውን የቆዳ ቅርፊት ነው። ውሃ አይጠጣም፤ እርጥበቱን ከአየር ይስባል። ሙቀት፣ እርጥበትና የቆዳ ቅርፊት አንድ ላይ የሚያገኘው የት ነው? ፍራሽና ትራስ ውስጥ። አለርጂውን የሚያመጣው በዋናነት ኩሱ ነው። ኩሱ ውስጥ ያለው ፕሮቲን የአፍንጫንና የሳንባን ሽፋን የሚቆርጥ ኢንዛይም ስለሆነ በሩን ራሱ ከፍቶ ይገባል። ፊቴን እዚያ ላይ ቀብሬ ሌሊቱን ሙሉ ስተነፍስ ነበር የማድረው።

ድመት ሲባል ሁሉም ስለ ፀጉሯ ያወራል። ፕሮቲኑ ግን ያለው በምራቋና በቆዳዋ ወዝ ውስጥ ነው፤ ስትልስ ፀጉሯ ላይ ይደርቅና ይበናል። በጣም ቀላል ስለሆነ አየር ላይ ለሰዓታት ይንሳፈፋል፣ ልብስ ላይ ይለጠፋል። ድመቷ ከቤት ከወጣች በኋላም ለወራት ይቆያል። ስለዚህ «አንድ ሳምንት አራቅናት፣ ለውጥ የለውም» ብሎ መደምደም አይቻልም።

የአበባ ብናኝ ላይ ደግሞ የሚወነጀለው የአበባ እቅፍ ነው። ደማቅ አበባ ግን ብናኙ ከባድና የሚጣበቅ ነው፤ በንብ ነው የሚሄደው። የሚያስቸግረን ዓይን የማይገባው ሣርና ዛፍ በነፋስ የሚበትነው ብናኝ ነው። ሻጋታና በረሮም ከባድ ቀስቃሾች ናቸው፣ በተለይ አስም ላለበት።

ከምግብ ብዙውን ችግር የሚያመጡት ጥቂት ናቸው፦ የላም ወተት፣ እንቁላል፣ ኦቾሎኒ፣ እንደ አልሞንድና ካሹ ያሉ የዛፍ ፍሬዎች፣ ዓሣ፣ እንደ ሽሪምፕ ያሉ የባሕር እንስሳት፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተርና ሰሊጥ። የወተትና የእንቁላል አለርጂ ብዙ ልጆችን ሲያድጉ ይለቃቸዋል። የኦቾሎኒ ግን ከ5 ልጆች አንዱን ያህል ብቻ ነው የሚለቀው። ወተት ጠጥቶ ሆዱ የሚነፋና የሚያስቀምጠው ሰው ብዙ ጊዜ አለርጂ የለበትም፤ ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር መፍጨት ስላቃተው ነው። ሲጋራ ጢስ፣ ቀዝቃዛ አየርና ሽቶም አፍንጫን ያስቆጣሉ እንጂ በአብዛኛው አይጂኢ የለበትም። ለሁሉም «አለርጂ አለብኝ» ካልን እውነተኛውን ቀስቃሽ መለየት ያቅታል።

«ዕድሜ ልኬን የበላሁት ምግብ» የሚለውን ክርክር የሚዘጋ አንድ ነገር ልጨምር። መዥገር የነከሰው ሰው ዕድሜውን ሁሉ ሲበላው የኖረው ቀይ ሥጋ ሊጣላው ይችላል። መዥገሩ ሲነክስ አልፋጋል የሚባል ስኳር በቆዳ ያስገባል፤ ያው ስኳር ሥጋው ውስጥ አለ። ምልክቱ ከተበላ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ስለሚዘገይ ማታ ሥጋ የበላ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ሰውነቱ ሁሉ አብጦ ይነሳል።

እዚህ ላይ የሰዓቴን ነገር መንገር አለብኝ። ለዓመታት ካደረግኩት በኋላ ከሥሩ ቆዳዬ መቅላት፣ ከዚያ ውሃ መቋጠር፣ ከዚያ መላጥ ጀመረ። ቅርጹ ልክ የሰዓቱ መዝጊያ ብረት ነበር። እንዲህ ያለው አለርጂ አይጂኢ የለበትም፤ ቲ ሴል የሚባሉ የሰውነት መከላከያ ሴሎች የሚሠሩት ስለሆነ ከተነካ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይዘገያል። ኒኬል የሚባለው ብረት ዋናው ነው፤ የጆሮ ጌጥ፣ የቀበቶ ዘለበት፣ የሱሪ ቁልፍ ላይ አለ። የፀጉር ማቅለሚያም እንዲሁ ነው። የሚመረመረውም በተለየ መንገድ ነው፦ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ለ48 ሰዓት የሚቆይ ፕላስተር።

ምን ጠቀመኝ? ፍራሼንና ትራሴን ቅንቅኑን በማያሳልፍ፣ ጥቅጥቅ ብሎ በተሠራ ልብስ ሸፈንኩ። አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ይታጠባል። ምንጣፉን ከመኝታ ክፍል አወጣሁ። የክፍሉ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ሲሆን ቅንቅኑ ስለሚደርቅ መስኮት እከፍታለሁ፣ እርጥብ ልብስ ክፍሉ ውስጥ አላሰጣም። ሐኪሙ ያዘዙልኝ የስቴሮይድ የአፍንጫ ስፕሬይ ትልቁ መድኃኒቴ ነው። ወዲያው አይሠራም፤ በየቀኑ ተወስዶ ሙሉ ውጤቱ እስኪታይ አንድ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ብዙ ሰው በሦስተኛው ቀን «አልረዳኝም» ብሎ ይጥለዋል፣ ያሳዝነኛል። የተዘጋ አፍንጫ በደቂቃ የሚከፍተው ሌላው ስፕሬይ ደግሞ ከጥቂት ቀናት በላይ ከተወሰደ አፍንጫውን መልሶ ይዘጋዋል፣ ያስለምዳል። በመርፌ ወይም ከምላስ ሥር በሚቀመጥ መድኃኒት ሰውነትን ቀስ በቀስ የማለማመድ ሕክምናም አለ። በአብዛኛው ቢያንስ 3 ዓመት ይወስዳል፤ ግን ምልክቱን ከማስታገስ አልፎ ሥሩን የሚነካው እሱ ነው።

አንድ ነገር ከሁሉም በላይ ሳይዘነጋ መታወቅ አለበት። ምግብ፣ የንብ ንድፊያ ወይም መድኃኒት ተከትሎ ሽፍታው ከድምፅ መጎርነን፣ ከጉሮሮ መጥበብ፣ ከትንፋሽ ማጠር፣ ከማዞር ወይም ከተደጋጋሚ ትውከት ጋር ከመጣ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። የሚያድነው አድሬናሊን ነው፣ በጭኑ የውጭ በኩል ጡንቻ ላይ የሚወጋ። የማሳከክ ክኒን አይበቃም፤ ክኒኑ እስኪሠራ መጠበቅም ሰው ይገድላል። ሰውየውን አስተኝታችሁ እግሩን ከፍ አድርጉ፤ መተንፈስ ካቃተው ይቀመጥ፣ ግን አታቁሙት፣ አታራምዱት። ቢሻለውም ሆስፒታል ይሂድ፤ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስበት ይችላል።

ታላቅ እህቴ ደግሞ ካርዷ ላይ ከልጅነቷ ጀምሮ «ፔኒሲሊን አይስማማትም» የሚል ተጽፎ ነበር። በልጅነቷ ትኩሳት ላይ ሳለች ወስዳው ሽፍታ ወጣባት፤ ሽፍታውን ያመጣው ራሱ በሽታው ይሁን መድኃኒቱ ማንም አላጣራም። እንዲህ ከተባሉት ሰዎች በትክክል ሲመረመሩ ከ10 ዘጠኙ ያህል ፔኒሲሊን መውሰድ የሚችሉ ሆነው ይገኛሉ። እውነተኛ አለርጂ የነበረባቸውም ብዙዎቹን በ10 ዓመት ውስጥ ይለቃቸዋል። እህቴ ሐኪም ባለበት ተሞክሮላት ጽሑፉ ተሰረዘ። ቤት ውስጥ ግን በፍጹም አይሞከርም።

ለቆዳ ምርመራ የምትሄዱ ከሆነ የማሳከክ ክኒን ከሳምንት ያህል በፊት መቆም ስላለበት ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ፤ ካልሆነ ክንዳችሁ ምንም አያሳይም። ሽፍታ ቀጠሮ ጠብቆ ስለማይወጣ ሲወጣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ስንት ሰዓት እንደጀመረ፣ የት እንደነበራችሁ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ሰዓታት ምን እንደበላችሁና ምን እንደነካችሁ ጻፉ፤ የለመዳችሁትን ነገር ሳትዘሉ። የምርመራ ውጤት ብቻውን በሽታ አይደለም። ክንዱ ላይ እንቁላል የተነሳበት፣ ግን እንቁላል በልቶ ምንም የማይሆን ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው በወረቀት ብቻ እንቁላል መተው የለበትም። አይጂጂ የሚባለውን፣ ከአይጂኢ የተለየ ፀረ እንግዳ አካል ለክቶ የማይስማማችሁን የምግብ ዝርዝር የሚሰጥ የደም ምርመራ ከቀረበላችሁም ገንዘባችሁን አታውጡበት። አይጂጂ የሚያሳየው ያንን ምግብ መብላታችሁን ነው።